የአጎቴ ኤኮ፦ አዲስ አበባ ያገኘሁት የልብ ምርመራ

ለገና ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ሐሳቤ ዘመድ መጠየቅ ነበር። ጊዜዬ ያለቀው ግን አጎቴን ይዤ ሐኪም ቤት ስመላለስ ነው።

ጋሼ ለሁለት ወር ማታ ማታ ሲያልባቸው፣ ሲያተኩሳቸውና ሲከሱ ከርመዋል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ "የሳንባ ምች ነው" ብሎ መርፌ ወጋቸው። እግራቸው ማበጡን ስንናገር እንኳን ጎንበስ ብሎ ያየ የለም። አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወደ አንድ የግል የልብ ማዕከል ወሰድናቸው። ወረፋው አይጣል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ደርሰን 6 ሰዓት ላይ ገባን። ኤኮውን (የልብ አልትራሳውንዱን) የምታነሳው ሐኪም ግን በወጉ ተቀበለቻቸው። "አባባ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙልኝ፤ ጄሉ ትንሽ ይቀዘቅዛል" አለቻቸው። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ልባቸው ዙሪያውን ጥቁር ነገር ከቦታል። ውሃ ነው። ውስጡ ነጫጭ ክሮች ይወዛወዛሉ። የቀኙ ክፍል ደም ሊሞላ ሲል ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። "ውሃው ልቡን እየተጫነው ነው፤ ዛሬውኑ ይቀዳ" አለች።

ክሮቹ ቲቢ እንደሚያስጠረጥሩ ነገረችን። ግን ኤኮ ውሃውን እንጂ ባክቴሪያውን አያሳይም፤ ካንሰርም ልብ ላይ ውሃ ያስቋጥራል አለች። ሳትደብቅ መናገሯን ወደድኩላት።

በኤኮ እያዩ በመርፌ ቀዱላቸው። ደም የቀላቀለ፣ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ውሃ ወጣ። የዚያን ማታ ጋሼ ትራስ ሳይደራርቡ ተኙ።

የውሃው ጂን ኤክስፐርት፣ ማለትም የቲቢ ባክቴሪያን የሚፈልገው ምርመራ፣ ኔጌቲቭ መጣ። ግራ ገባን። ሐኪሟ እዚያ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ምርመራው ሊስተው እንደሚችል አስረዳችን። የኤች አይ ቪ ምርመራም ተደረገላቸው። ላቡ፣ መክሳቱ፣ ክሮቹና የውሃው ሌሎች ውጤቶች አንድ ላይ ታይተው የቲቢ መድኃኒት ተጀመረ። ለ6 ወር ነው፤ ከጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ሽንታቸው ብርቱካንማ ሲሆን እንዳይደነግጡ ነርሷ ቀድማ ነግራቸዋለች። እግዜር ይስጣት።

ማዕከሉ ላይ ቅሬታዬ አንድ ነው። የሰጡን ወረቀት ብቻ ነበር፤ የኤኮውን ምስል በፍላሽ ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ምስሉ ቀላል ነገር አይደለም። የልቡ ሽፋን እየወፈረ ልብን እንዳያንቀው በየጊዜው ይታያል፤ የሚነጻጸረውም ከዚህ ጋር ነው። እናንተ ከመጀመሪያው ቀን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

ቀጣዩ ኤኮ ለሚያዝያ ተቀጥሯል። እኔ ተመልሻለሁ፤ ፍላሹን ለእህቴ ሰጥቻታለሁ።