ለጫጩት ኮክሲዲዮሲስ፦ አምፕሮሊየም ወይስ ሰልፋ?

ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ላይ ሲኮማተሩ፣ ኩሳቸውም ደም ሲቀላቅል፣ በአንጀት ውስጥ በሚራባ ተውሳክ የሚመጣውን ኮክሲዲዮሲስን መጠርጠር ይገባል። የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ አርቢ ምርጫ ብዙውን ጊዜ አምፕሮሊየምና ሰልፋ በተባሉት ሁለት መድኃኒቶች መካከል ነው።

እኔ አምፕሮሊየምን አስቀድማለሁ። ተውሳኩ የሚፈልገውን ቫይታሚን ቢ1 መስሎ ይገባና ያስርበዋል፤ ጫጩቷን ግን እምብዛም አይጎዳም። ሕመሙ ሲጠና 20 በመቶ አምፕሮሊየም ያለበት ዱቄት 1.2 ግራም በአንድ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያም መጠኑ ተቀንሶ ይቀጥላል። «እንዲበረቱ» ተብሎ ቢ1 ያለበት ቫይታሚን አብሮ ከተሰጠ መድኃኒቱ ይዳከማል፤ እባካችሁ ይህን አትርሱ።

ሰልፋም ይሠራል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ያጠቃል። የሚያሰጋኝ መጠኑ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ጫጩት ውኃ ታበዛለች፤ ከውኃው ጋር መድኃኒቱንም ታበዛለች። ሰልፋ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሰልፋኪኖክሳሊን የተባለው የሰልፋ ዓይነት ደግሞ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ መድማቱን ያብሳል። በቀዝቃዛዋ ደሴ ይህ ስጋት ይቀላል። እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች ግን ሰልፋ አይሰጥ።

የታመመች ጫጩት መብላት ብትተውም ትጠጣለች፤ ስለዚህ በግቢው ውስጥ መድኃኒት የሌለበት ሌላ ውኃ መኖር የለበትም። በመጠጫው ዙሪያ የረጠበው ሰጋቱራም በየዕለቱ ይነሳ፤ ከኩስ ጋር የወጣው የተውሳኩ እንቁላል ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሌላዋን ጫጩት ለመያዝ ይደርሳል።