ከአዘዞ ወደ ቦሌ፦ ቀጥታ ወይስ በባሕር ዳር?

ከጎንደር አዲስ አበባ ለመሄድ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነው። እኔ የምቆጥረው ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁበት ጀምሮ ነው።

ከአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙ አይርቅም። ከጎንደር ፒያሳ አዘዞ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት፣ ለፍተሻና ለሻንጣ ሁለት ሰዓት፣ ቦሌ ወርዶ ታክሲ ይዞ ዘመድ ቤት ለመድረስ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። በድምሩ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ከባሕር ዳር ቦሌ ያለው የአየር ርቀት ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በአየር ላይ የሚተርፈው ግን ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ለዚያ ሲባል 180 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መሄድ አለ፤ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ኬላ ላይ ቢያቆዩ ተብሎ አንድ ሰዓት ይያዝለታል። እንዲህ ሲሆን ጉዞው ስምንት ሰዓት ይደርሳል። የቲኬቱ ዋጋ ቢረክስ እንኳ የመኪናውን ሒሳብና የባከነውን ግማሽ ቀን ካልሸፈነ አይግዙት። በተለይ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ይዘው ከሆነ ቀጥታውን ይቁረጡ።

ለወረታና ለሐሙሲት ሰው ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅርቡ ባሕር ዳር ነው። ለእንፍራዝና ለማክሰኚት አዘዞ ይሻላል። ጥር 11 ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ የቀጥታው መቀመጫ ቀድሞ ያልቃል፤ ባሕር ዳር ያኔ ጥሩ አማራጭ ነው፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ።

አውቶቡሱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚጓዘው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ብዙ ዕቃ ላለው ይጠቅማል።

የአውሮፕላኑ ዓይነት አያስጨንቅዎ። ቦይንግ 737 ቢፈጥንም በዚህች አጭር መንገድ ልዩነቱ የደቂቃዎች ነው። እኔ ባለ ፕሮፔለሩን ኪው400 እመርጣለሁ፤ መቀመጫው ሁለት ሁለት ስለሆነ መሐል የሚጨነቅ የለም፣ ክንፉም ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በቀኝ በኩል ጣና ሳይጋረድ ይታያል።

ሰዓቱን ግን ደግመው ያንብቡ። አክስቴ ቲኬታቸው ላይ 08፡10 የሚለውን አይተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት መስሏቸው ምሳቸውን በልተው፣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው አዘዞ ደረሱ። በረራው ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ነበር። ለሽማግሌ ሲቆርጡ በእኛ አቆጣጠር ቲኬቱ ጀርባ ላይ በትልቁ ይጻፉላቸው።