«ለቢሮም ለእረፍት ቀንም» የሚባለውን ሸሚዝ ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡን እዩት

እህቶቼ፣ ሰሞኑን የተሸወድኩበትን ነገር ልንገራችሁ። እናንተም እንዳትሸወዱ።

ኦንላይን ነው ያየሁት። ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ትንንሽ ነጭና ቡናማ ቅጠል ያለበት ሸሚዝ ነው። «ለቢሮም ለእረፍት ቀንም» ይላል። አንዱ ፎቶ ላይ ልጅቷ ከኮት ሥር ለብሳዋለች፣ ሌላው ላይ እጅጌውን ጠቅልላ በጂንስ። አንድ ልብስ ገዝቼ ሳምንቱን ሙሉ ልገላገል ነው ብዬ ከፈልኩ።

ሲደርሰኝ ውስጡን ገለበጥኩት። እንደ ወረቀት ነጭ ነው! ቅጠሉ የታተመው ከላይ ብቻ ነው። ይሄ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እጅጌውን ስጠቀልለው ነጩ ወጣ። የላይኛውን ቁልፍ ስፈታው አንገቱ ተገልብጦ እዚያም ነጩ ታየ። ደረቴ ላይ ሲወጠር ደግሞ በስፌቱ በኩል ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ ይላል። የእረፍት ቀን አለባበስ ማለት እኮ እጅጌ ጠቅልሎ፣ አንገት ከፍቶ፣ ዘና ማለት ነው። ታዲያ በምኑ ዘና ልበል?

ለቢሮም አልሆነም። ሱሪዬ ውስጥ ከትቼው ተቀመጥኩ፤ ስነሳ በጎን በኩል ተመዞ ወጥቷል። እንዲህ የሚለበስ ሸሚዝ ከዳሌ አጥንት ወረድ ካላለ ቀኑን ሙሉ ስታስገቡት ነው የምትውሉት። ጨርቁም መቶ በመቶ ፖሊስተር ነው። ላብ አይመጥም፣ ከኮት ሥር ያፍናል፣ ሰውነት ላይ ይለጠፋል። ልጅቷ ላይ ልክክ ያለው እንዴት ነው ካላችሁ፣ ለፎቶ ሲባል ልብስን ከጀርባ በመቆንጠጫ ሰብስቦ መያዝ የተለመደ ነው። ከፊት አይታይም።

ልመልስ ስል «ከተለካ አይመለስም» አሉኝ። ይህን ከመክፈሌ በፊት የነገረኝ የለም። በጣም ነው ያናደደኝ።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የውስጡን ፎቶ ጠይቁ። ትንሽ ፈዘዝ ማለቱ ነውር የለውም፣ ጥሩ ጥጥም ከውስጥ ይፈዛል። ጭራሽ ነጭ ከሆነ ግን ተዉት። ጨርቁ ምን እንደሆነ የተጻፈበትን ምልክትና የጀርባውን ፎቶም ላኩልኝ በሉ። የመመለሻ ደንባቸውን በጽሑፍ ያዙ። በአካል ከሆነ የምትገዙት እጃችሁን ከጨርቁ ሥር አስገቡ፤ ጣታችሁ ጥርት ብሎ ከታየ ለቢሮ የውስጥ ልብስ መደረቡ አይቀርም። ቁልፉን ቆልፋችሁም እዩት። የግራና የቀኙ ቅጠል እዚያ ላይ ካልገጠመ ሠሪው ጨርቅ ቆጥቧል ማለት ነው፣ እኔ እንዲህ ያለውን አልነካም። ቀለሙ ይለቃል ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ነጭ መሀረብ አርጥባችሁ ጫፉን በውስጥ በኩል አሸት አድርጉት።

ሐሳቡ ራሱ ጥሩ ነው፣ እሱን አልጠላሁም። መደቡ ጠቆር፣ ቅጠሉ አነስ ያለ ሸሚዝ ከሩቅ አንድ ቀለም ስለሚመስል በኮት ያምራል። ከቅጠሉ አንዱን ቀለም መርጣችሁ ሱሪውን በዚያ ብታደርጉት ሥራ ቦታ ልክ ይመጣል። ቅዳሜ ደግሞ ያው ሸሚዝ በጂንስና በስኒከር ለቀቅ ተደርጎ ይለበሳል። እኔም አንድ የቆየ የጥጥ ሸሚዝ አለኝ፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ እስካሁን ሁለቱንም ይሠራል።

ያቺ የቅጠሉ ሸሚዝ ፎቶ ግን ዛሬ ጠዋትም በሌላ ሻጭ ስም ወጥታ አይቻታለሁ። ኮቱም ያው፣ ጂንሱም ያው። ካያችኋት እለፏት።