ወደ ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላሻገሩኝ አማካሪ ምስጋና፣ ለወገኖቼም ጥቆማ

በዚህ የፎል ሴሚስተር በሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ትምህርቴን በሦስተኛ ዓመት ደረጃ ጀምሬአለሁ። ለዚህ የበቃሁት በሳን ሆዜ ሲቲ ኮሌጅ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ተማሪዎች በሚያግዘው የኢ.ኦ.ፒ.ኤስ. ክፍል በሚሠሩ አንዲት አማካሪ ድጋፍ በመሆኑ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና በቤይ ኤሪያ ሥራና ትምህርት አንድ ላይ የያዙ ወገኖቼን ወደዚሁ አገልግሎት ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸውን ያልጠቀስኩት እሳቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ብቻ ነው።

ቀደም ሲል በሌላ ኮሌጅ አንድ ዓመት ተምሬ ነበር። በዚያ «ማንኛውም ኮርስ ይያዝልሃል» ተብዬ የወሰድኳቸው ሦስት ኮርሶች ለምፈልገው የትምህርት ክፍል እንደማያገለግሉ ያወቅሁት ከፍዬ፣ ተፈትኜና አልፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሌሊት አረጋውያንን ስንከባከብ አድሬ፣ ቀን እንቅልፌን አጥቼ ያጠናኋቸው ስለነበሩ ከገንዘቡ ይልቅ የባከነው ጊዜ እጅግ አሳዘነኝ።

እኚህ አማካሪ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮአችን፣ ስለሚቀጥለው ሴሚስተር ከማውራታቸው በፊት፣ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን አጥንቼ መመረቅ እንደምፈልግ ጠየቁኝ። መልሴን እንደሰሙ አሲስት የተባለውን የካሊፎርኒያ የሕዝብ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ማዛመጃ ከፈቱና፣ ሲቲ ኮሌጅ የምወስደው እያንዳንዱ ኮርስ በሳን ሆዜ ስቴት የትኛውን እንደሚተካ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ይህን መዝገብ ማንም ሰው በነጻ ሊያየው ይችላል፤ እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ስማር መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በ2010 በወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ የተጀመረውን፣ ለትራንስፈር፣ ማለትም ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ተብሎ የተዘጋጀውን የአሶሲየት (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ዲግሪም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ዲግሪ በ60 ዩኒት (የኮርስ መለኪያ ነጥብ) ያጠናቀቀ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የሚጠበቅለት ሲሆን፣ በተመሳሳይ የትምህርት መስክ ሌላ 60 ዩኒት ሲጨምር ባችለር ዲግሪውን ያገኛል። ዋስትናው ግን ለሥርዓቱ እንጂ ለአንድ ለተመረጠ ካምፓስ አይደለም። አማካሪዬ ይህን ሳያድበሰብሱ ስለነገሩኝ ከሳን ሆዜ ስቴት በተጨማሪ ሄይዋርድ ለሚገኘው ለካል ስቴት ኢስት ቤይም አመለከትኩ። የማመልከቻው ክፍያ ለአንድ ካምፓስ 70 ዶላር ቢሆንም፣ ገቢዬ ዝቅተኛ ስለነበር ነጻ እንድሆን የሚያስችለውን ቅጽ አብረውኝ ሞሉ።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው በማመልከቻው ወቅት፣ በኦክቶበር ወር የሆነውን ነው። በፎል የሚገባ የትራንስፈር ተማሪ አራት መሠረታዊ ኮርሶችን፣ ማለትም የንግግር፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ የክሪቲካል ቲንኪንግ (ሂሳዊ አስተሳሰብ) እና የሒሳብ ትምህርቶችን፣ ከዚያ በፊት ባለው ስፕሪንግ ቢያንስ በሲ ማይነስ ማጠናቀቅ አለበት። እኔ የእንግሊዝኛው ኮርስ ክሪቲካል ቲንኪንግንም የሚሸፍን መስሎኝ ስለነበር በእቅዴ ውስጥ አላስገባሁትም። እሳቸው ትራንስክሪፕቴን (የውጤት ማስረጃዬን) መስመር በመስመር ሲያነቡ ጉድለቱን አዩት። የቀረኝ አንድ ስፕሪንግ ብቻ ነበር፤ የማታው ክፍል ደግሞ ቶሎ ይሞላል። የኢ.ኦ.ፒ.ኤስ. ተማሪዎች ከሌሎች ቀድመው የመመዝገብ መብት ስላላቸው፣ ምዝገባው በተከፈተበት ጠዋት ቦታ አገኘሁ። ያ ጉድለት ሳይታይ ቢያልፍ ኖሮ ሌላ ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆንብኝ ነበር።

ማመልከቻውን በምሞላበት ጊዜ ያንን ያልሆነልኝን ዓመት ሳልጠቅሰው ላልፍ አስቤ ነበር። የተማርኩባቸውን ኮሌጆች በሙሉ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን፣ መደበቁ የተሰጠኝን ቦታ እስከ ማሳጣት ሊያደርስ እንደሚችል በእርጋታ ሲያስረዱኝ ተቆጡኝ ብዬ አላፈርኩም። ከተቀበሉኝ በኋላም ክትትላቸውን አላቋረጡም፤ ለአሶሲየት ዲግሪው ምረቃ በኮሌጁ በኩል ማመልከቴንና የመጨረሻው ትራንስክሪፕቴ መላኩን ደውለው ጠይቀውኛል።

አገልግሎቱን ለመጠየቅ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። ኢ.ኦ.ፒ.ኤስ. በ1969 የተቋቋመ የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ፕሮግራም ስለሆነ በሳን ሆዜ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በመደበኛው ሁኔታ ሲገቡ በሴሚስተር 12 ዩኒት መያዝን ይጠይቃል፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸውና የትምህርት ዕድላቸው ለተጓደለ ተማሪዎች የታሰበ ሲሆን፣ ብዙ ዩኒት ካጠራቀሙ በኋላ ለመግባት ስለሚያስቸግር ገና ሲጀምሩ መሄድ ይሻላል። ከአማካሪ ጋር በየሴሚስተሩ በተደጋጋሚ መገናኘትን ግዴታ ያደርጋል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነበር። የኮሌጁ ክፍያ በዩኒት 46 ዶላር ስለሆነ 60 ዩኒት 2,760 ዶላር ይደርሳል፤ ገቢያቸው የሚፈቅድላቸው ግን በካሊፎርኒያ ኮሌጅ ፕሮሚስ ግራንት ከዚህ ክፍያ ነጻ ይሆናሉ። ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ ስትሄዱ የተማራችሁባቸውን ኮሌጆች ሁሉ ትራንስክሪፕት ይዛችሁ ሂዱ፤ የተበላሸ ውጤት ያለበትንም ጭምር።

የተከበሩ አማካሪዬ፣ ጽሑፌን ወዳጆቼ ተርጉመው እንደሚያነቡልዎ አምናለሁ። ለእኔ ብለው ከሥራ ሰዓትዎ ውጪ ስለቆዩባቸው ምሽቶች፣ ከእኔና ከመላው ቤተሰቤ ከልብ የመነጨ ምስጋና ይድረስዎ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።