ወጥመዱ ይይዛል፤ ከዚያስ?

መርካቶ ላይ የአይጠ መጎጥ ወጥመድ የሸጠልኝን ልጅ ባገኘው አንድ ጥያቄ አለኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከነነፍሱ ነው የሚይዘው!» ብሎ ነው ያጓጓኝ። ከነነፍሱ ከያዘው በኋላ ምን እንደማደርገው አልነገረኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አላሰብኩም።

የሽቦ ሳጥኑን በ450 ብር የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። ኮርኒሳችን ውስጥ አይጠ መጎጦች ሌሊት ሌሊት ጉግስ ይጫወቱ ነበር። መርዙን እናቴ ከለከለችኝ፤ አምና የበላው አይጠ መጎጥ እዚያው ኮርኒስ ውስጥ ሞቶ ሦስት ሳምንት አፍንጫችንን ይዘን ከርመናል። ማጣበቂያውም መጀመሪያ የያዘው የራሴን ነጠላ ጫማ ነው።

አሥር ቀን ሙሉ አንድም አልገባ። ተሸወድኩ ብዬ ልመልሰው ስነሳ ነው ነገሩ የገባኝ፦ አይጠ መጎጥ አዲስ ዕቃ ካየ ለቀናት ይሸሻል። በሩ እንዳይዘጋ አስሬ፣ ውስጡ ምግብ እያስቀመጥኩ አምስት ቀን አስለመድኩት። ከመሃል ወለል አንስቼም ግድግዳ ሥር አስጠጋሁት፤ መንገዱ ግድግዳ ታክኮ ነው። ዳቦውን ትቼ ቋንጣ እሳት አስነክቼ መንጠቆው ላይ በክር አሰርኩ። በስድስተኛው ሌሊት ቋ!

ጠዋት ሳየው ጅራቱ ከቁመቱ የሚረዝም ጎረምሳ ሽቦውን ይዞ ያየኛል። ማን ይግደለው? ባለቤቴ በሩን ዘጋች። እናቴ «እኔ ፊት እንዳታደርገው» አለች። እኔ ዱላ ይዤ ሁለቴ ዞርኩትና ቡና ልጠጣ ገባሁ። ሜዳ ወስጄ ልልቀቀው ብልም፣ እኛ ሰፈር ሜዳ ማለት የሌላ ሰው ጓሮ ነው።

በመጨረሻ የሰፈሩ ዘበኛ ተረከበልኝ። ይወስደዋል፣ ባዶ ሳጥኑን ይመልሳል፤ እንዴት እንደሚያደርገው ጠይቄው አላውቅም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት 30፣ 30 ብር ከፈልኩ። አራተኛው ላይ «ጋሼ፣ ኑሮው እኮ ተወዷል» ብሎ 50 አስገባው። እስከ ግንቦት ድረስ አሥራ አራት አይጠ መጎጥ ይዣለሁ። ደምሩት፦ 640 ብር! የወጥመዱን ዋጋ አልፎ ሄዷል።

«አንገት የሚሰብረውን ባለ እንጨቱን ብትገዛ ይገላግልህ ነበር» የምትሉኝ አላችሁ። ሰባት ወር ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ልጄ ያኔ ዳዴ ትል ነበር፤ ጣቷ የማይገባበት ቀዳዳ አልነበረም። እሷ ሳጥኑን ስንት ጊዜ ነካክታ በሩን ዘግታዋለች፣ ጣቷ ግን እስካሁን አሥር ነው። ስለዚህ ገንዘቤ አይቆጨኝም፤ ዘበኛው ደጅ እስኪቆም ድረስ ማለቴ ነው።

ሳጥኑ አልዛገም፣ ሞላውም አልላላም። ትንንሾቹ አይጦች ግን ቋንጣዬን በልተው በሽቦው ቀዳዳ ሹልክ ይላሉ፤ ለእነሱ ብላችሁ አትግዙት።

ያለፈው ሳምንት ኮርኒሱ ጸጥ አለ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ዘበኛው በማለዳ በር አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ቋንጣው ሽታው ጠፍቶ ይሆናል፤ ይቀይሩት እንጂ።»