ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ወይስ ናሽናል ትረስት? ግንብና ገዳም ለማየት የትኛው ካርድ ያዋጣል

እንግሊዝ ውስጥ አንድ ትልቅ ግንብ በር ላይ ለሁለት አዋቂና ለልጆች ቲኬት ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ጽሑፍ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። በአንድ ቀን የሚከፈለው የዓመት አባልነትን ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በበጋ መኪና አስነስቶ ገጠር ለገጠር መዞር የሚወድ ቤተሰብ የዓመት ካርድ ቢገዛ ይሻለዋል። ችግሩ ካርዱ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፤ አንዱ የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ፣ ሌላው የናሽናል ትረስት። ሁለቱም የታሪክ ቦታዎችን የሚጠብቁ ድርጅቶች ናቸው። ሰው ያምታታቸዋል። አንዱን ገዝቶ የሌላው በር ላይ ሄዶ የሚከራከር አይጠፋም።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የምትፈልጉት ግንብና የድሮ ገዳም ከሆነ፣ በተለይ ልጆች ካሏችሁ፣ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅን ግዙ። ግንቡም፣ አበባውም፣ ባሕር ዳርቻውም፣ ሻይና ኬኩም ካላችሁ ናሽናል ትረስት ይሻላችኋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በእጃቸው ያለው ምንድን ነው?

ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ከ400 በላይ ቦታዎች ይጠብቃል። አብዛኞቹ ፍርስራሽ ናቸው፤ ግንቦች፣ ገዳማት፣ የሮማውያን ቅጥሮች። ከለንደን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ የሚወስደው ዶቨር ካስል የእሱ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1180ዎቹ ያሠራው ታላቅ ማማ አለ። ከሥሩ ደግሞ በ1940 ከፈረንሳይዋ ደንከርክ ወታደሮችን የማውጣት ዘመቻ የተመራበት ዋሻ አለ። ይህን ግንብ በግማሽ ቀን እጨርሳለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

ናሽናል ትረስት በዋናነት የመኳንንት ቤት፣ የአትክልት ቦታና የባሕር ዳርቻ ባለቤት ነው። ግንቦቹ ጥቂት ናቸው፤ ያሉት ግን ያምራሉ። በ1385 የተጀመረው ቦዲያም ዙሪያውን ውኃ ከቦታል። ፎቶ ለሚወድ ሰው እሱ ይበቃል። ውስጡ ግን ባዶ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ዶርሴት ያለው ኮርፍ ካስል በ1646 ከበባ በኋላ በባሩድ የፈረሰ ነው። ግድግዳው እስካሁን ዘሞ ቆሟል። ሌኮክ አቢ («አቢ» ማለት ገዳም ነው) ደግሞ ገዳም ሲዘጋ መኖሪያ ቤት ስለሆነ ጣሪያው አልተነካም።

ዮርክሻየር፦ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት

ወደ ሰሜን ብትነዱ ሁለቱን ካርዶች በአንድ ጉዞ መፈተን ትችላላችሁ። ሪፐን አጠገብ ያለው ፋውንቴንስ አቢ የናሽናል ትረስት ነው። በ1132 ከዮርክ ተለይተው የወጡ 13 መነኮሳት የመሠረቱት ነው። ፍርስራሹ እጅግ ሰፊ ነው። የመነኮሳቱ ዕቃ ቤት ቅስት ለቅስት እየተያያዘ ሲሄድ መጨረሻው የማይደረስ ይመስላል። አጠገቡ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የውኃ አትክልትና አጋዘን የሚውልበት መስክ አለ። ደስ የሚለው ነገር የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ካርድ የያዘም እዚህ በነጻ ይገባል። ግዢውን የሚወስነው ይህ ቦታ ነው የምለው ለዚህ ነው። ናሽናል ትረስት በአካባቢው ካለው የገዳም ሀብት ዋነኛውን በሌላው ካርድም ማየት ይቻላል።

ሪቮ አቢ ጋ ስትደርሱ ነገሩ ያስቃል። ሸለቆው ውስጥ ያለው ገዳም የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ነው። ከላይ ኮረብታው ላይ ያለው፣ ባለ ሁለት ትንንሽ ቤተ መቅደሱ መናፈሻ የናሽናል ትረስት ነው። በአንዱ ካርድ ገዳሙ ውስጥ ትሄዳላችሁ፤ በሌላው ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ውስጡን እመርጣለሁ።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ ዊትቢ አለ፤ የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ። ገዳሙን በ657 የመሠረተችው ሂልድ የምትባል እመምኔት ናት። በ664 ፋሲካ መቼ ይዋል በሚለው ላይ የሮማና የአየርላንድ ወግ ተከታዮች እዚህ ተከራክረው ንጉሡ ለሮማ ወገን ፈረደ። ባሕረ ሐሳብ የሚወድ ሰው ካላችሁ ከዚህ ቶሎ አይነሳላችሁም። አሁን የሚታየው ፍርስራሽ ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የተሠራ ነው።

ከአገር ቤት የመጣች እናታችሁን «ገዳም ልንሄድ ነው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሯት። ነጠላዋን ለብሳ ጸበል አገኛለሁ ብላ መጥታ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ስታይ ታዝንባችኋለች። ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ገዳማቱን ዘግቶ ሀብታቸውን ወረሰ። የጣሪያው እርሳስ ተገፎ ተወሰደ፤ ድንጋዩንም የአካባቢው ሰው ቤት ሠራበት። መነኮሳት ያሉበትን ማየት ከፈለገች ከሪቮ ብዙ የማይርቀው አምፕልፎርዝ ይሻላታል። የካቶሊክ ገዳም ነው፤ የትኛውም ካርድ አያስፈልገውም።

ኪስ ላይ

ናሽናል ትረስት ትንሽ ይወደዳል። ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ደግሞ ለአንድ አዋቂ አባል ከቤተሰቡ እስከ 6 ልጆች (ከ18 ዓመት በታች) በነጻ ያስገባል። ናሽናል ትረስት ላይ ለልጆች የቤተሰብ አባልነት መግዛት አለባችሁ። ልጅ የበዛበት ቤት ሒሳቡን እዚህ ላይ ይጨርሳል።

ናሽናል ትረስት የሚበልጠው በፓርኪንግ ነው። አባል ከሆናችሁ ብዙዎቹ መኪና ማቆሚያዎቹ ነጻ ናቸው፤ የባሕር ዳርቻዎቹም ጭምር። የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ አንዳንድ ቦታዎች ላይ ማቆሚያው የሌላ አካል ስለሆነ ካርድ ይዛችሁም ትከፍላላችሁ።

ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ከሚጠብቃቸው ቦታዎች ከግማሽ በላዩ መግቢያ አይጠየቅባቸውም። ሰሪ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ያለው ዌቨርሊ አቢ አንዱ ነው፤ በ1128 የተመሠረተ፣ በብሪታንያ ሲስተርሲያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት የመጀመሪያ ገዳም። ለለንደን ሰው ቅርብ ነው። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ ዓይነት ፍርስራሽ ይመቻችሁ እንደሆነ በነጻ ሞክሩ።

ዌልስና ስኮትላንድ

የዌልስ ታላላቅ ግንቦች፣ ኮንዊ፣ ካርናርቨን፣ ሃርሌክና ቦማሪስ፣ እንዲሁም ቲንተርን አቢ፣ ካዱ በሚባል የመንግሥት ተቋም ሥር ናቸው። የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ አባል በመጀመሪያው ዓመት በግማሽ ዋጋ ይገባል፤ ካደሰ በኋላ በነጻ። በስኮትላንድ ኤድንብራ ካስልም እንዲሁ ነው። ናሽናል ትረስት ዌልስ ውስጥ እንደ ፖዊስና ቸርክ ያሉ የራሱ ግንቦች አሉት። ዌልስን ብቻ ለአንድ ሳምንት የምትዞሩ ከሆነ ግን ሁለቱንም ትታችሁ የካዱን የጉብኝት ፓስ ጠይቁ።

ሁለቱም የማያስገቡበት

ዊንዘር፣ ዋሪክ፣ አኒክ፣ ኬንት ያለው ሊድስ ካስል፤ ለእነዚህ ሁለቱም ካርዶች አይሠሩም። ዊንዘርን በተለይ የማነሣው የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው እዚያው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ለእሱ ብሎ ይሄዳል። ለብቻው ቲኬት ቁረጡ፤ ቤተ ጸሎቱም እሁድ ለጎብኚ ስለሚዘጋ ሌላ ቀን ምረጡ። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን በ1868 የተቀበለችበት ኦዝቦርን፣ ዋይት ደሴት ላይ ያለው፣ ግን የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ነው፤ በካርዱ ትገባላችሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። በክረምት ብዙ የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ቦታዎች ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚከፍቱት፤ ስለዚህ ካርዱን በኅዳር ሳይሆን በሚያዝያ ግዙት። ከባንክ ሒሳባችሁ በቀጥታ እንዲቆረጥ ከፈቀዳችሁ ደግሞ በዓመቱ በራሱ ይታደሳል። ካልፈለጋችሁት ከመቆረጡ በፊት ደውላችሁ አስቁሙት።