ለማርና ለለውዝ ቅቤ የሚሆን ፓምፕ፦ የሴንትሪፉጋል፣ የሎብና የሞኖ ፓምፖች ግምገማ

ማር፣ የለውዝ ቅቤ፣ አዋዜና እርጎ አምርተው የሚያሽጉ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች እየበዙ ሲመጡ፣ ወፍራሙን ምርት ከታንክ ወደ ማሸጊያው የሚያደርሰው ፓምፕ የትኛው ይሁን የሚለው ጥያቄም አብሮ መጥቷል። ሻጮች በአብዛኛው የሚናገሩት ፓምፑ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋና ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግን ብዙውን ጊዜ የተለኩት በውኃ ስለሆነ ለማር ገዢ እምብዛም አይጠቅሙትም። እኔ ለወፍራም ምግብ ፓምፕ ሲመረጥ ከመግፋቱ ይልቅ መሳቡ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አስተጣጠቡ ሲሆን ዋጋው ከሁለቱ በኋላ ቢታይ ይሻላል።

ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት 1 ሴንቲፖይዝ ገደማ ዝልግልግነት አለው። ማር እንደ እርጥበቱ መጠን ወደ 10,000 ሴንቲፖይዝ ይጠጋል፤ የለውዝ ቅቤ ደግሞ ከ150,000 በላይ ሊደርስ ይችላል። በየሱቁ በብዛት የሚገኘውና ዋጋውም የሚቀንሰው፣ ፈሳሹን በሚሽከረከር ምላስ እየወረወረ የሚገፋው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ለወተት፣ ለጭማቂና ለማጠቢያ ውኃ የተመሰገነ ነው። ማር ውስጥ ሲገባ ግን ምርቱን ወደፊት ከመላክ ይልቅ ባለበት እያማሰለ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከምርጫው ውጪ ነው። ወደ እርሱ የምንመለሰው ስለ እጥበት ስናነሳ ብቻ ነው።

መሳብ ለምን እንደሚቀድም ቀላል ስሌት ያሳያል። በሰዓት 1,000 ሊትር የሚሆን 10,000 ሴንቲፖይዝ ማር የውስጥ ስፋቱ (ዲያሜትሩ) 36 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ በእያንዳንዱ ሜትር 0.7 ባር ገደማ ግፊት ይበላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ማሩን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ራሱ 0.77 ባር አካባቢ ነው። እንግዲህ ከአንድ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ሁሉ ያልቃል ማለት ነው፤ የውጭ አገር ካታሎግ ግን የሚያስበው በባሕር ዳርቻ ያለውን አየር ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት ወደ 60 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ይኸው ኪሳራ በሜትር ከ0.09 ባር በታች ይወርዳል፤ ምክንያቱም ኪሳራው የሚቀንሰው በስፋቱ አራተኛ ርቢ ነው። በመሆኑም ፓምፑ ከታንኩ ሥር፣ ከታንኩ ወለል ዝቅ ብሎ፣ በአጭርና በሰፊ ቱቦ ቢገጠም ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ከመግዛት እጅግ ይበልጣል። መሳቢያው የተጨነቀ ፓምፕ በየማያያዣው አየር ይስባል፤ ውጤቱም የማር ጠርሙሱ አንገት ላይ በነጭ አረፋ ቀለበትነት ይታያል፤ ገዢው ደግሞ አረፋውን ሲያይ ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት ይመስለዋል።

ማሩን ወደ 40 ወይም 45 ዲግሪ ማሞቅ ዝልግልግነቱን በብዙ እጥፍ ስለሚቀንሰው ለፓምፑ እፎይታ ነው፤ እንደ ትግራይ ነጭ ማር ቶሎ ለሚረጋው ደግሞ ግዴታ ይሆናል። ከዚያ በላይ ማሞቅ ግን ከስኳሩ የሚፈጠረውንና የማሩ ከልክ በላይ መሞቅ ምልክት የሆነውን ኤች.ኤም.ኤፍ. የተባለ ውህድ ያበዛል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለዚህ ውህድ በኪሎ ግራም ከ40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃታማ አገሮች ለሚመጣ ማር ደግሞ ከ80 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ገደብ አስቀምጧል። ከባሕላዊ ቀፎ የተቆረጠ ማር ሰምና ሌላ ቁርጥራጭ ስለማያጣ ማጣራቱ ታንኩ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ማጣሪያውን መሳቢያው ቱቦ ላይ መግጠም ከላይ የተባለውን ችግር መልሶ መጥራት ነው።

ለማር የምመርጠው የሎብ ፓምፕ ነው። በውስጡ ሮተር የሚባሉ ሁለት ጉብጉብ ክፍሎች ሳይነካኩ ይሽከረከራሉ፤ እንዳይጋጩ የሚጠብቋቸው ከምርቱ ተለይተው በጊርቦክሱ ዘይት ውስጥ ያሉ ማርሾች ናቸው። ምርቱ ሲወፍር በሮተሮቹ ክፍተት ወደኋላ የሚያፈተልከው ስለሚቀንስ ይህ ፓምፕ ማር ላይ ውኃ ላይ ካለው የተሻለ ሥራ ይሠራል። የፊት ክዳኑ ተፈትቶ ሮተሮቹ ያለ ብዙ ድካም ስለሚወጡ፣ የት ቦታ ምርት ተይዞ እንደቀረ በዓይን ማየት ይቻላል። አፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሆኑ ተደርጎ ከተገጠመ ደግሞ ከእጥበት በኋላ ውኃው በራሱ ጊዜ ወርዶ ያልቃል፤ ወደ ጎን የተገጠመው ግን ሆዱ ውስጥ ውኃ ያስቀራል።

የሎብ ፓምፕ ደካማ ጎኑ ሜካኒካል ሲሉ ነው፤ ይህ ዘንጉ ወደ ፓምፑ በሚገባበት ቦታ ምርቱ እንዳያፈስ የሚገታው ክፍል ነው። ሲሉ ሁለት በጥንቃቄ የተወለወሉ ቀለበቶች አሉት፤ አንዱ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ቆሞ ይቀራል። በመካከላቸው የገባው ስስ የማር ሽፋን ማታ ፓምፑ ሲቆም ይደርቅና ስኳሩ ይጠጥራል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የተጣበቁት ቀለበቶች በኃይል ስለሚላቀቁ ይቧጠጣሉ ወይም ይሰነጠቃሉ። የመጀመሪያው ምልክት በፓምፑ ራስና በጊርቦክሱ መካከል ባለው ክፍት ቦታ የሚወርድ ቀጭን የማር ክር ነው። ክፍተቱ ሆነ ተብሎ የተተወ ስለሆነ በጨርቅ መጠቅጠቅ አይገባም፤ ማሩ ወደ ዘይቱ ከመግባቱ በፊት የሚያጋልጠው እርሱ ነውና። ስለዚህ ለማር የሚገዛ ፓምፕ ንጹሕ ለብ ያለ ውኃ የሚያልፍበት ድርብ ሲል ያለው ቢሆን፣ ካልሆነም ከማቆም በፊት በለብ ያለ ውኃ መታጠቡ እንደ ደንብ ቢያዝ መልካም ነው።

ስለ ፍጥነት ጥቂት ልጨምር። በአንድ ዙር 0.33 ሊትር የሚያስተላልፍ ፓምፕ በሰዓት 1,000 ሊትር ለመስጠት በደቂቃ 50 ዙር ይበቃዋል፤ በ400 ዙር ያንኑ ያህል የሚሰጠው ትንሹ ፓምፕ ዋጋው ይቀንሳል፣ ነገር ግን አረፋውም ሆነ የሲሉ መበላት ከእርሱ ጋር ይመጣል። ሞተሩን በኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት በሚቀያይረው የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ብቻ እስከ ታች ማዘግየት ደግሞ ማቀዝቀዣውን ማራገቢያ አብሮ ስለሚያዘገይ፣ ፍጥነቱን በጊርቦክስ ቀንሶ ኢንቨርተሩን ለማስተካከያ መተው ይሻላል። የተለመዱ ሞተሮች አቅማቸው የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ በስስ አየር ቅዝቃዜ ስለሚያንስ ለአዲስ አበባ የሚታዘዝ ሞተር አንድ ደረጃ ከፍ ቢል ይመከራል።

የለውዝ ቅቤ ሌላ ጠባይ አለው። በራሱ ክብደት ወደ ቱቦ አይወርድም፤ የሚገፋው ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የሞኖ ፓምፕ ይመረጣል፤ ፈረንሳዊው ሬኔ ሞይኖ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው ይህ ፓምፕ በጎማ ቤት ውስጥ የሚዞር ጠመዝማዛ የብረት ዘንግ አለው፤ ሰፊ አፍና መጋቢ ዊንጥ ያለው ዓይነቱ ወፍራሙን ምርት እያፈሰ ወደ ውስጥ ይከታል። ጎማው ግን ደረቁን ከተሽከረከረ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። በተጨማሪም ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የተባለው የጎማ ዓይነት በዘይትና በቅቤ ስለሚያብጥ ለለውዝ ዘይት የሚቋቋሙትን የጎማ ዓይነቶች፣ ኤን.ቢ.አር. ወይም ኤፍ.ኬ.ኤም. መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ኦሪንጎቹም (መገጣጠሚያ የሚደፍኑት የጎማ ቀለበቶችም) እንዲሁ። የለውዝ ቅቤ መስመር በውኃ ባይታጠብ ይመረጣል፤ በደረቁ ምርት ውስጥ የማይራባው ሳልሞኔላ እርጥበት ሲያገኝ ይራባል። የሚጸዳው በመጥረግ ወይም ሞቅ ያለ ዘይት በማሳለፍ ነው። አንዱን ፓምፕ ጠዋት ለማር፣ ከሰዓት በኋላ ለለውዝ መጠቀም የማልደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ የለውዝ አለርጂ ጉዳይም ሲጨመርበት ክርክሩ ያበቃል።

የማር መስመር ግን በውኃ ይታጠባል፤ ሴንትሪፉጋሉ የሚመለሰውም እዚህ ነው። ሳይፈታ የሚታጠብ መስመር ውኃው በሴኮንድ 1.5 ሜትር ያህል እንዲፈስ ይፈልጋል፤ ይህ በ60 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲሰላ በሰዓት ወደ 15,000 ሊትር ይመጣል። ለ1,000 ሊትር ማር የተመረጠ የሎብ ፓምፕ ይህን ፈጽሞ አያደርሰውም። ርካሹን ሴንትሪፉጋል ለማጠቢያ ገዝቶ፣ በሎቡ ጎን ማለፊያ ቱቦ ማበጀት ነው መፍትሔው።

ብረቱን በተመለከተ ብዙ ሰው ማግኔት አስጠግቶ ይፈትናል፤ ማግኔት ግን 304 እና 316 የተባሉትን የማይዝግ ብረት ዓይነቶች አይለይም፤ የሚለያቸው በ316 ውስጥ ያለው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ነው። ለማር 304 ሊበቃ ቢችልም ጨው ለበዛበት አዋዜ 316ኤል (ካርቦኑ ያነሰው 316) ያስፈልጋል። አንድ አስመጪ ገላው ላይ 316 የተቀረጸበት ፓምፕ ሸጦልን የብረቱን የምርመራ ወረቀት ስንጠይቀው ማቅረብ አልቻለም፤ ወረቀቱ ከክፍያ በፊት መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። ከምርቱ ጋር የሚነካካው ገጽ ሻካራነት ከ0.8 ማይክሮ ሜትር እንዳይበልጥም በውሉ ይጻፍ።

የመለዋወጫ ነገር የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ስለሆነ ሁለት ሙሉ የሲልና የኦሪንግ ስብስብ በመጀመሪያው ደረሰኝ አብሮ ቢገዛ ይሻላል። በሻጭ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭም በዚያው ይጠየቅ፤ ሎብም ሆነ ሞኖ ከፊቱ ያለው ቫልቭ በስሕተት ቢዘጋ መግፋቱን ስለማያቆም፣ ማስተንፈሻ ከሌለው ቱቦው ይፈነዳል ወይም ዘንጉ ይሰበራል።